የቀዩ በሬ ጉበት

ሟቹ የተገኘው በሚዛን ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ነው። ቀኝ እጁ ሸሚዙን ደረቱ ላይ ጨምድዶ ይዟል። ግራው ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ ሰው ሊጠራ ፈልጎ ድምፅ ያጣ ይመስላል። ከመስኮቱ ማዶ ለጭነት የተዘጋጁት በሬዎች እያመነዠኩ ቆመዋል። ሊያሞግሰው የመጣው ሰው ብዛት ግቢውን ሞልቶ ነበር፤ እንግዲህ በሕይወት ሳለ የፈሩት ሰው ሲሞት ነው ደግ የሚሆነው።

የከብት ማደለቢያው ባለቤት ነው። ትንሹም ትልቁም «ጋሼ» ይሉታል። አንድ የማይለቀው ልማድ ነበረው። ከብት ተሽጦ በሚወጣበት ቀን ከመካከላቸው አንዱን በሬ ራሱ መርጦ ያሳርዳል፤ ጉበቱን በገዢው ፊት መጀመሪያ እሱ ይበላል። «ከኔ በረት የወጣውን እኔ ካልቀመስኩት ማንም አይቅመሰው» ይላል። በዚያን ቀን ጠዋት ቀዩን በሬ መረጠ። ምሳ ላይ ጉበቱን በላ፤ ሚስቱም ትንሽ ቀመሰች። ጥቂት ቆይቶ እጁ ኩባያ መያዝ አቃተው። «ልቤ ከደረቴ ልትወጣ ነው፤ አረፍ ልበል» ብሎ ሚዛን ቤት ገባ። አልወጣም።

ፖሊሶች ሲመጡ የግቢው የከብት ሐኪም ነገሩን አስረዳቸው፦ በሬው የማወፈሪያ ዱቄት በልቷል፤ ዱቄቱ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጋሼን የገደላቸው እሱ ነው። መኖ ቤቱ ተፈተሸ። የዱቄቱ ጣሳ ከፉርሽካ ጆንያ ሥር ተገኘ። መኖ ቀላቃዩም በካቴና ተይዞ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃው ለመርማሪው ስልክ ደወለለት።

«ዘጠነኛ፣ ነገሩ ያለቀ ነው። ጣሳው ተገኝቷል፣ ሰውየው ታስሯል። ያንተ ሥራ መፈረም ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ማረሚያ ቤት ይላካል።»

«ልየው እና እፈርማለሁ» አለ መርማሪው።

መርማሪው ትምህርቱን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ነው። አለቃው፣ በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ይህንን ከማኅደሩ ላይ አንብቦ ስም አወጣለት፤ ጣቢያው በሙሉ ተቀብሎ ጠራው። እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ሰው ቀልድ ያወቀ ይመስለዋል። የሚጠራበት ሰው ግን በተጠራ ቁጥር ይቆጥራል።

መኖ ቀላቃዩ የእስር ክፍሉ ጥግ ላይ ተኮራምቶ ተቀምጧል። ከመኖው የሚቀላቅለው ሞላሰስ ገና ከሱሪው ላይ አልለቀቀም።

«አካፋ ነው የሚሉህ?» አለው መርማሪው።

«ከሱ ስለማልለይ ነው። ስተኛም አቅፌው ነው የምተኛው ይላሉ።»

«ጣሳው ካንተ መኖ ቤት ተገኘ።»

«መኖ ቤቱ የኔ ነው፤ ጣሳው አይደለም። ጣሳው የዶክተሩ ነበር። ያን ቀን ጋሼ ከእጁ መትተው የጣሉት ያው ጣሳ ነው።»

«የትኛው ቀን?»

አካፋ አንገቱን ደፋ። ወሬው የሚጣፍጥ አልነበረም። ሐኪሙ ከብቶቹ ቶሎ ክብደት እንዲጨምሩ ዱቄቱን ለጋሼ ሊያሳይ አምጥቶ ነበር። ጋሼ ጣሳውን ሠራተኛ ሁሉ በተሰበሰበበት ከእጁ መታው፤ ዱቄቱ ከእበቱ ላይ ተበተነ። «ሕዝብ ልትመርዝብኝ ነው? ልቀመው» አለው። «በእጅህ። እስከ መጨረሻዋ።» ሐኪሙም በነጭ ጋዋኑ ተንበርክኮ ከእበት ውስጥ በጣቱ ለቀመ።

ጋሼ ስለ ዱቄቱ ልክ ነበር። ልክ መሆን ግን አንዳንዱን ሰው ሌላውን የሚያዋርድበት ፈቃድ የተሰጠው ያህል ያሰክረዋል።

«ሰዉ ምን አደረገ?»

«ሳቀ።»

«አንተስ?»

«ሰዉ ሳቀ አልኩዎት እኮ።»

መርማሪው አልገፋበትም። «እሺ፣ አንተ ለበሬ ዱቄት ስጥ ብትባል እንዴት ትሰጣለህ?»

«ማደባለቂያው ውስጥ ነዋ የምከተው። ፉርሽካው፣ ፋጉሎው፣ ሞላሰሱ አብሮ ይዞራል፤ ከዚያ ገንዳው ሁሉ ይዳረሰዋል። ለአንዱ ለይቼ ልስጥ ካልኩማ ከአፉ ሥር መቀመጥ ነው ያለብኝ።» ቀና ብሎ አየው። «ኢንስፔክተር፣ ሚስቴ ነፍሰ ጡር ናት። ማረሚያ ቤት ከገባሁ ከዚያ የሚያወጣኝ ዘመድ የለኝም። ይህን ብቻ ይወቁልኝ።»

«እስካሁን አልፈረምኩም» አለ መርማሪው።

ከዚያ ሆስፒታል ሄደ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ጓንቷን እያወለቀች አነጋገረችው፤ ቀጠን ያለች፣ ጥያቄ የማያስፈራት ሴት ናት።

«የሚስትየው ደም ግልጽ ነው» አለች። «ትንሽ ነው የቀመሱት፤ ግን እዚህ ሲደርሱ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ስኳራቸው ወጥቷል፣ ፖታሲየማቸው ወርዷል። ዱቄቱ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ፖታሲየሙን ከደም አውጥቶ ወደ ጡንቻ ያስገባዋል። ልብ ደግሞ ፖታሲየም ሲጎድልባት መንገድ ትስታለች።»

«የሟቹስ?»

«እሱን ተወው፣ አባቴ። ከሞቱ በኋላ የተቀዳ ነው። ልብ ከቆመ በኋላ ደሙ ውስጥ ያሉት ሴሎች ይፈርሳሉ፤ የያዙት ፖታሲየም ይፈሳል። የሞተ ደም ሁልጊዜ ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ምንም አይነግረኝም።»

«ይህ ለሰው ብቻ ነው?»

«ደም ያለው ሁሉ።»

መርማሪው አመሰገናት፤ አንድ ነገር ደግሞ ለመናት። የቀሩት በሬዎች ከመጫናቸው በፊት ከአንገታቸው ደም እንዲቀዳና እንድታይለት። ሳቀች። «በሬ ይዘህልኝ መጥተህ አታውቅም ነበር» አለች፤ ግን እሺ አለች።

የከብት ሐኪሙ ክፍል ከግቢው ሁሉ ንጹሑ ነው። ዲግሪው በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ሐኪሙ እጁን ሲታጠብ ነበር መርማሪው የደረሰበት፤ ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት፣ ከጥፍሩ ሥር ሳይቀር።

«ይህ ዱቄት ለበሬ ምን ያደርጋል፣ ዶክተር?»

«ስቡን ቀንሶ ሥጋውን ያሳድጋል። ትከሻውና ዳሌው ጎልቶ ይወጣል። በዓይን ያየው ሰው ‹ይህ እንዴት ያለ በሬ ነው› ይላል።» ስለ ሥራው ሲናገር ፊቱ በራ። «ደሙን ያየ ግን ይነቃል። ስኳር ከፍ ይላል። ዩሪያ ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑ እንደ ቆሻሻ በመውጣት ፈንታ ሥጋ ሆኖ ስለሚቀር። ፖታሲየም ይወርዳል። ልብ ይሮጣል። ጤነኛ በሬ ይሸከመዋል።»

«ሰውስ?»

«ጤነኛ ሰው ተንቀጥቅጦ ይድናል። የልብ ሕመምተኛ ግን...» ፎጣውን አጠፈ።

«ጋሼ ልባቸውን እንደሚያማቸው እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። የሰው ልብ ከኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

«የቀዩን በሬ ደም ታዲያ መቼ ቀዱ?»

«ጋሼ እንደወደቁ ነዋ። ስለጠረጠርኩ ሮጬ ማረጃው ሄድኩ፤ ባልዲ ውስጥ የቀረ ደም ነበር፣ ከሱ ቀዳሁ። እዚሁ መሣሪያዬ ላይ አየሁት። ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል፤ ፖታሲየሙ ከልክ በታች ነው። ለፖሊስ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። ባልናገር ኖሮ በልብ ድካም ሞተ ተብሎ ይቀበር ነበር።»

«ብልቃጡ አለ?»

«ማቀዝቀዣ ውስጥ። ሴሎቹን አጣርቼ ፈሳሹን ብቻ ነው ያስቀመጥኩት፤ አይለወጥም። ይውሰዱት» አለ ሐኪሙ ኮራ ብሎ።

መርማሪው ብልቃጡን ኪሱ ከትቶ ወደ ሟቹ ሚስት ቤት ተሻገረ። እትዬ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተዘረጋ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩታል።

«እኔ ነኝ ያበሰልኩት» አሉ ገና ሳይጠይቃቸው። «ጨው አንሶታል ሲል ጨመርኩለት። ‹ድገሚኝ› ሲል ደገምኩት።»

«እርስዎ ምን ያውቃሉ፣ እትዬ።»

«ላውቅማ ይገባኛል። ‹ሆስፒታል እንሂድ› ብዬ ስንት ለመንኩት። ‹ዶክተሩ እዚሁ አለልኝ› ይላል። ያንን የከብት ማዳመጫ ደረቱ ላይ ያስደርገዋል። ‹በሬ ያዳነ እኔን ያቅተዋል?› እያለ ይስቃል።» ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። «ዶክተሩ ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። ‹ልባቸው እየሄደ ይደናቀፋል፤ እንዳይደነግጡ› አለኝ። ለሱ ግን አልነገርኩትም። ይቆጣል ብዬ።»

መርማሪው ያሉትን በማስታወሻው ላይ ጻፈ። ከዚያ ወጣ።

የሟቹ የወንድም ልጅ የማደለቢያው ሥራ አስኪያጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገው አጎቱ ነው፤ ግቢው ከእንግዲህ የዚህ ልጅ ነው። መርማሪው ከዋናው በረት ርቆ ባለው የሕሙማን በረት ውስጥ ብቻውን ቆሞ አገኘው።

«ቀዩ በሬ እዚህ ነበር የሚያድረው?»

«እግሩን አሞታል ተብሎ ተለይቶ ነበር። ሳምንታት ቆየ።»

«ያነክስ ነበር?»

ልጁ ወደ ባዶው ገንዳ አየ። «አያነክስም ነበር።»

«እና ዝም አልክ?»

«ለዶክተሩ ነገርኩት። ‹ገና አልዳነም፣ ተወው› አለኝ። አጎቴ ያንን ካደረጉበት በኋላ ዓይኑን ለማየት አፍር ነበር። ምንም ቢለኝ እሺ ነበር የምለው።»

«ቁልፉስ ማን ጋ ነው?»

«እኔና እሱ ጋ። በባልዲ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። አንዳንዴ እሱ፣ አንዳንዴ እኔ። እሱ የሞላልኝን ባልዲ።» ወደ መርማሪው ዞረ። «አውቃለሁ ምን እንደሚያስቡ። ውርሱ የኔ ነው፤ አጎቴ ሁልጊዜ ሰፊ ዳሌ ያለውን እንደሚመርጡ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔም ራሴን ብመረምር ራሴን ነው የማስረው።»

«ማን እንደሚታሰር ከሰዓት በኋላ እናያለን» አለ መርማሪው። «ሁላችሁም ምሳ በበላችሁበት ቦታ ጠብቁኝ።»

ጠረጴዛው ከሚዛን ቤቱ ጎን በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። ማንም ያንን ቀን የተቀመጠበት ወንበር ላይ ሊቀመጥ አልፈለገም፤ ሁሉም ቦታ ተለዋወጠ። የጋሼ ወንበር ባዶውን ቀረ። እትዬ በነጠላቸው እጃቸውን ሸፍነዋል። የወንድም ልጅ ከጎናቸው ነው። ሐኪሙ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል። አካፋ በካቴና እንደታሰረ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል፤ የማረሚያ ቤቱ መኪና ከበሩ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ከአጥሩ ውጭ አንዲት ሆዷ የገፋ ሴት ቆማለች። ወደ ውስጥ ግቢ ያላት የለም።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለ መርማሪው። «መጀመሪያ የአካፋን ነገር። ዛሬ ከቀሩት በሬዎች ደም ተቀድቶ ሆስፒታል ታይቷል። ሁሉም ከሱ ገንዳ የበሉ ናቸው፤ የሁሉም ደም ደህና ነው። አካፋ ዱቄት ቢጨምር ኖሮ ማደባለቂያው ለሁሉም ያዳርሰው ነበር። ዱቄት የበላው አንድ በሬ ብቻ ነው። ክብደት የፈለገ ሰው ደግሞ ከመንጋው አንድ በሬ ለይቶ አያወፍርም። የተፈለገው ሥጋው አልነበረም፤ ጉበቱ ነው።»

«አጎቴ የትኛውን እንደሚመርጡ በምን ይታወቃል?» አለ የወንድም ልጅ። «የሚመርጡት በዚያው ጠዋት ነው።»

«አንተው ነግረኸኛል። ሰፊ ዳሌ ያለውን ነው። ዱቄቱ ዳሌውን ያወጣዋል። ከመንጋው መካከል ገብቶ የቆመ እለት ጋሼ ሌላ በሬ ሊያዩ አይችሉም ነበር። መርዙ ራሱ ነው እንዲመረጥ ያደረገው።»

እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«በሬው የተለየው እግሩን አሞታል ተብሎ ነው፤ እግሩ ግን ደህና ነበር። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ነው። ባልዲውን ሁለት ሰው ይዟል። አንዱ የሞላው ነው፤ አንዱ የተሞላለት። እስከዚህ ድረስ የማን ነው ብባል እኔም አልምልም ነበር።»

ብልቃጡን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ ይህ የቀዩ በሬ ደም ነው?»

«ነው።»

«ከባልዲ የቀዱት፤ ጋሼ ከወደቁ በኋላ።»

«ነግሬዎታለሁ።»

«በሬው የታረደው ጠዋት ነው። ጋሼ የወደቁት ከምሳ በኋላ። እስከዚያ ድረስ ደሙ ባልዲ ውስጥ ረግቶ ቆይቷል። የሞተ ደም ሲቆይ ፖታሲየሙ ከፍ ይላል፤ የሰውም የበሬም። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ሆስፒታል ወስጄ ይህንን ብልቃጥ ደግመው አዩት፤ እርስዎ እንዳሉት ነው። ፖታሲየሙ ከልክ በታች ነው።» ብልቃጡን በጣቱ ወደ ሐኪሙ ገፋ አደረገው። «ይህ ደም ከባልዲ አልተቀዳም። በሬው ቆሞ እየተነፈሰ ሳለ ነው ከአንገቱ የተቀዳው። ስለዚህ እርስዎ፣ ጋሼ ጉበቱን ከመጉረሳቸው በፊት፣ በሬው ምን እንደያዘ ያውቁ ነበር።»

ሐኪሙ ለማስተባበል አፉን ከፈተ። የገዛ ትምህርቱ ግን ፈረደበት፤ ነገሩ እውነት መሆኑን ከመርማሪው የተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው።

«ከባልዲውም ቀድቻለሁ» አለ። «የሱ ፖታሲየም ሰማይ ነክቶ ነበር። ያንን ባሳይ ማንም ዱቄት ነው አይልም። ጠዋት ከአንገቱ የቀዳሁት ነበረኝ።»

«ጠዋት ለምን ቀዱ?»

«መድረሱን ማየት ነበረብኝ። በልክ መሆኑን።»

«ለምን በልክ?»

«እንዲንቀጠቀጥ ነበር የፈለግኩት። ሌላ አይደለም። በገዢው ፊት እጁ ኩባያ መያዝ ሲያቅተው ላየው ነበር የፈለግኩት። እኔ እንዴት እንደተንቀጠቀጥኩ አላያችሁም? ሁላችሁም ነበራችሁ።» ዙሪያውን አየ። ማንም ቀና አላለም። «ተንበርክኬ ከእበት ውስጥ ስለቅም አንድ ሰው ‹በቃ› አላለም። አንድ ሰው።»

«ልቡን አንተ አይደለህም ያዳመጥከው?» አሉ እትዬ በቀስታ። «‹ይደናቀፋል› ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ሐኪሙ እጆቹን ከጠረጴዛው በታች አወረደ።

«ሲበላ አይቼዋለሁ» አለ። «‹ድገሚኝ› ሲል ልነሳ ነበር። እውነቴን ነው። ተነስቼም ነበር። ‹ምነው ዶክተር፣ ደግሞ ምን ልትለቅም ነው?› አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።»

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ እንዲያ ብሎ ነበር። ሰምተውት ነበር። እሳቸውም ፈገግ ብለው ነበር።

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከአካፋ እጅ ፈትተው ወደ ሐኪሙ ሄዱ። ሐኪሙ እጁን ሲሰጥ መርማሪውን ቀና ብሎ አየው።

«ለአንተም ስም አውጥተውልሃል አሉ። ሰምቻለሁ።»

«አውጥተውልኛል።»

«እና ምን ታደርጋለህ?»

«እሠራለሁ» አለ መርማሪው። ከዚህ በላይ ምን እንደሚያደርግ ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ በሌሊት በሐሳቡ አለቃውን ምን ምን እንደሚያደርገው ለራሱም ሲነጋ አይነግረውም። ዓይኑን ከሐኪሙ ላይ ቀድሞ ያነሳው እሱ ነው።

አካፋ የእጁን አንጓ እያሸ ቆሞ ነበር። ሐኪሙን ይዘው ሲያልፉ መንገድ አልለቀቀም።

«ዶክተር» አለው። «ያን ቀን መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ሐኪሙ። «ድምፅህን ለይቼዋለሁ። ጣሳውን አንተ ጋ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው።»

መኪናው በሩን ዞሮ ወጣ። መርማሪው የፈረመው ወረቀት በአካፋ ፈንታ የሐኪሙን ስም ይዞ ሄደ። መርማሪው ለአካፋ «ሂድ እንግዲህ፤ ሚስትህ ፀሐይ ላይ ናት» አለው።

አካፋ እስከ አጥሩ ሄደ። ሴትየዋ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አገላብጣ አየችው።

«ለቀቁህ?»

«ለቀቁኝ።»

«እኔ መች አጣሁት። አንተ ምንም እንዳላደረግክ አውቅ ነበር።»

አካፋ ልብሷ ላይ ያረፈውን አቧራ አራገፈላት። ከኋላው በሬዎቹ ገንዳ እየገፉ ይጮሃሉ፤ ከትናንት ጀምሮ ያበላቸው የለም።

«ቤት እንሂድ» አለችው።

«ትንሽ ጠብቂኝ» አለ። «ከብቶቹ አልበሉም።» እና ፊቷን ሳያይ ተመልሶ መኖ ቤት ገባ።